ባዶ ቱቦ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ

አንድ ባክቴሪያ በየናሙናው ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየው የመጀመሪያው ግራፌ ዓይን ይማርክ ነበር። በአንድ ወገን ከትልቁ አንጀት የካንሰር ዕጢ የተቆረጡ ናሙናዎች፣ በሌላው ወገን ከእነዚያው ታካሚዎች አንጀት ጤነኛ ክፍል የተወሰዱ። የዕጢዎቹ ነጥቦች ሁሉ ከላይ፣ የጤነኞቹ ሁሉ ከታች፣ መሃሉ ባዶ ሜዳ። አማካሪዬ ወረቀቱን ጥቂት አዩና «ልጄ፣ የዕጢዎቹን ዲኤንኤ ያወጣኸው መቼ ነው?» አሉኝ። ሰኞ፣ አልኳቸው። «የጤነኞቹንስ?» ሐሙስ። ወረቀቱን መለሱልኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግራፉ የሚያሳየው የዕጢና የጤነኛ አንጀት ልዩነት ይሁን የሰኞና የሐሙስ ልዩነት፣ መለያ መንገድ አልነበረም።

የምፈልገው ፉሶባክቴሪየም ኑክሊየተም የሚባለውን ባክቴሪያ ነበር። ዋና መኖሪያው አፍ ነው፤ ከድድ በሽታ ጋርም ስሙ ይነሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለት ጫፉ የሾለ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ስሙም እንዝርት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በ2012 አንዱ በካናዳ፣ ሌላው በአሜሪካ ያሉ ሁለት የምርምር ቡድኖች ለየብቻቸው ይህ ባክቴሪያ ከጤነኛው ክፍል ይልቅ በዕጢው ውስጥ በዝቶ እንዳገኙት አሳተሙ። የእኔ ሥራ ያንን በራሳችን ናሙናዎች መድገም ነበር። አዲስ ግኝት የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም፤ ተማሪ እጁን የሚያፍታታበት ነው።

መሣሪያው ፒሲአር ነው። የሚፈለገው የዲኤንኤ ቁራጭ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ስለሚሆን፣ ምልክቱ ቀድሞ የታየበት ናሙና ብዙ ባክቴሪያ ነበረበት ማለት ነው። የ10 ዙር ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። በ40 ዙር ግን ከምንም የማይቆጠር ቅንጣትም አድጎ ይታያል። ለዚህ ነው ሥጋ ያልገባበት፣ ውሃና ኬሚካል ብቻ የያዘ ባዶ ቱቦ ከናሙናዎቹ ጋር ሙሉውን ሂደት ማለፍ ያለበት። እኔ ኬሚካል ለመቆጠብ ብዬ ትቼው ነበር። ስደግመው አስገባሁት፤ ባዶዋ ቱቦ በ35ኛው ዙር ላይ ምልክት ሰጠች። ያለ ሥጋ፣ ያለ ታካሚ፣ ባክቴሪያ! ጥፋተኛው በኋላ ተገኘ፤ ያሳደግነውን ባክቴሪያ የምቀዳበት ፒፔት ነበር፣ ዲኤንኤ ለማውጣትም እሱኑ እጠቀም ነበር።

ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። የአንድ ታካሚ ዕጢና ጤነኛ ሥጋ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን፤ የትኛው ከየት እንደመጣ እንዳላውቅ ባልደረባዬ ቱቦዎቹን በቁጥር ለውጦልኝ። ባዶው ሜዳ ጠፋ። በአንዳንዶቹ ታካሚዎች ልዩነቱ ጸንቶ ቆየ፣ በአንዳንዶቹ ተነነ፣ በሌሎቹ ባክቴሪያው ከሁለቱም ወገን አልተገኘም። ግራፉ አስቀያሚ ሆነ፤ እኔ ግን የማምነው ይኼኛውን ነው።

ከዚያ ባክቴሪያውን ከነሕይወቱ ማሳደግ መጣ፤ ኦክስጅን ባለበት ግን አይበቅልም። ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም ይጨመራል፤ ኦክስጅን ከሌለ ቀለም አልባ ነው፣ ኦክስጅን ከገባ ወደ ሮዝ ይለወጣል። የመጀመሪያውን የዕጢ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ እየከተፍኩ ስንቀረፈፍ ፈሳሹ ዓይኔ እያየ ሮዝ ሆነ፤ ምንም አልበቀለም። በሚቀጥለው ጊዜ ቁራጩ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በቀጥታ ኦክስጅን የተወገደለት ጠርሙስ ውስጥ ገባ። ከቀናት በኋላ ሳህኑን ስከፍተው ከዓይኔ ቀድሞ አፍንጫዬ አወቀው፤ የሻገተ ቅቤ ሽታ። ሽታው የቡቲሪክ አሲድ ነው። የሚያስገርመው፣ ቡቲሬት ሌሎች ባክቴሪያዎች ከአሰር ሲሠሩት የአንጀታችን ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው። «ጥሩ ባክቴሪያ» እና «መጥፎ ባክቴሪያ» የሚለው አከፋፈል ከዚያ ወዲህ አይጥመኝም።

ዕጢ ውስጥ መገኘቱም ዕጢውን እሱ አመጣው ማለት አይደለም። ፋፕ2 የተባለው ፕሮቲኑ በዕጢው ሕዋሳት ላይ በሚበዛ አንድ የስኳር ዓይነት ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ዕጢው ራሱ ጠርቶት ሊሆን ይችላል። በ2017 በታተመ ጥናት፣ ይህን ባክቴሪያ የያዘ የሰው ዕጢ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ የዕጢውን እድገት ቀንሷል። ያ መጥቶ ማባባሱን ይጠቁማል እንጂ ማስጀመሩን አይነግረንም። በዚህ ረገድ ኢ. ኮላይ በተባለው ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ ላይ ያለው ክስ ይጠነክራል ባይ ነኝ። አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ኮሊባክቲን የሚባል ዲኤንኤ የሚጎዳ መርዝ ይሠራሉ። በ2020 በላቦራቶሪ የበቀሉ ጥቃቅን የሰው አንጀት ሕዋሳት ስብስቦች ለ5 ወራት ከእነዚህ ጋር እየተነካኩ እንዲያድጉ ተደርጎ፣ በዲኤንኤያቸው ላይ የተለየ የጉዳት አሻራ ተገኘ። ያው አሻራ በአንዳንድ ታካሚዎች ዕጢ ውስጥም አለ። ባክቴሪያው ሄዶ እንኳ ጠባሳው ይቀራል።

ይህን ስነግራቸው «ታዲያ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልዋጥ?» የሚሉኝ አሉ። ምንም። ሜትሮኒዳዞል የሚገድለው ፉሶባክቴሪየምን ብቻ አይደለም፣ አይጥም ሰው አይደለም። ከዚያ ይልቅ ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረጋቸውን እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ወሬ ይለውጣሉ።

ያ ፒፔት አሁን ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ሌላ ክፍል ተቀምጧል። ባዶዋ ቱቦም በየሙከራው ከናሙናዎቹ ፊት የመጀመሪያውን ቦታ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት እስከ 40ኛው ዙር ድረስ ዝም ብላለች።