መብራት በሌለበት የተለካ ፍጥነት

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ነው። ለእህል መጋዘኖች የክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንጽፋለን። ኮዱ እየገዘፈ ሲመጣ ቢልድ ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር፣ ራሱ ሥራ ሆነብን። ብዙ ፋይል የሚጠራትን አንዲት ሄደር (የጋራ የኮድ ፋይል) ከነካህ፣ የሚጠሯት ሁሉ እንደገና ይሠራሉ፤ ቡና ጠጥተህ ስትመለስም አላለቀም።

አንድ ቀን አለቃችን ጠሩኝ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «አንድ ማሽን የመግዛት አቅም አለን። የቱ እንደሚያዋጣ ለክተህ ንገረኝ» አሉኝ።

በላፕቶፔ ለካሁ፤ 31 ደቂቃ። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ባለ 16 ኮር ማሽን አለው፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። ኮዱን ላኩለት። በ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ጨረሰው። ለጋሼ «ዘጠኝ እጥፍ ይፈጥናል» አልኳቸው። ያንኑ ዓይነት ማሽን ለመግዛት ዋጋው ከበድ ስላለ ፕሮሰሰሩን እንዳለ ይዘን ራሙን (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ከ32 ወደ 8 ጊጋባይት ዝቅ አደረግነው። እኔም ዝም አልኩ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በዓባይ በረሃና በደጀን በኩል መጣ። ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ ከኋላዬ ቆመ። ቢልዱን 16 ሥራ በአንዴ እንዲሠራ አዝዤ አስነሳሁት። መጀመሪያ ላይ ፋይሎቹ ይበሩ ነበር። ከዚያ ማውሱ ደረቀ። ብልጭ ድርግም ትል የነበረችው የዲስኩ መብራት በርታ ቀረች። 22 ደቂቃ ፈጀ። ማንም አልተናገረም። አንድ በአንድ ወደየወንበራቸው ተመለሱ።

ያን ቀን ማታ ነው ነገሩ የገባኝ። ቴምፕሌት (ኮምፓይለሩ ብዙ ኮድ የሚያመነጭበት ንድፍ) የበዛበት የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ብቻውን አንድ ጊጋባይት ገደማ ራም ሊበላ ይችላል። 16ቱ በአንድ ላይ ሲነሱ 8 ጊጋባይት አይበቃቸውም። ያኔ ማሽኑ የተረፈውን ወደ ዲስክ ማውጣትና መልሶ ማስገባት ይጀምራል። ስዋፕ የሚባለው ይኸው ነው። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር በፍጥነት አይወዳደርም። ለስድስት በሬ የሚበቃ አውድማ ላይ 16 በሬ ብታስገባ እርስ በርስ ይጋፋሉ እንጂ እህሉ ቶሎ አይወቃም። ሥራውን ወደ ስድስት ዝቅ ሳደርገው ያው ቢልድ በ8 ደቂቃ አለቀ። ሠራተኛ ቀንሼ ፍጥነት አገኘሁ። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ከዚያ ላፕቶፔን እንደገና ለካሁት። 18 ደቂቃ! 31ዱ ከየት መጣ? የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውስ ሆዴ ቦጭ አለ። ያን ቀን ከሰዓት መብራት ሄዶ ነበር። የለካሁት በባትሪ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል። ዘጠኝ እጥፍ ያልኩት በትክክል ሲለካ ከአምስት እጥፍ ብዙም አያልፍም።

ሲነጋ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። «የሰጠሁዎት ቁጥር ስህተት ነበር። ራሙንም ስንቀንስ መናገር ነበረብኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ አሁን ምን ይጎድለዋል?» አሉ። ራም አልኳቸው። ገዙ። ቢልዱም 3 ደቂቃ ተኩል ገባ። ከዚያ ውስጥ 50 ሴኮንዱ ሊንክ ማድረግ፣ ማለትም የተተረጎሙትን ፋይሎች ወደ አንድ ፕሮግራም ማገጣጠም፣ ነበር። የድሮው ሊንከራችን ይህን ሥራ በአንድ ኮር ስለሚሠራው የተቀሩት 15ቱ ቆመው ይጠብቁታል። ሊንከሩን ሞልድ በሚባለው ስንቀይረው እሷም ወደ ጥቂት ሴኮንድ ወረደች።

አሁን አዲስ ማሽን ስንለካ አንድ ደብተር አለን። ሦስት ጊዜ ከዜሮ ቢልድ እናደርግና መካከለኛውን እንይዛለን። ራሙ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሥራ በአንዴ እንደተነሳ፣ ሲሲካሽ (የቀድሞ ቢልድ ውጤት አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ፣ ልኬቱን የሚያዛባ ፕሮግራም) መዘጋቱን እንጽፋለን። የመጀመሪያው ዓምድ ግን የጋሼ ነው፤ በራሳቸው እጅ ነው ያሰመሩት። «መብራት» ይላል፤ ከሥሩ «አለ» ወይም «የለም» እየተባለ ይሞላል።