የአባቴን የሞት ካሳ ክስ እንዴት እንደያዝኩት

አባቴ በግሉ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በአንድ የዕቃ ማከማቻ ግቢ የጠፉ መብራቶችን እንዲጠግን ተጠርቶ በሄደበት፣ ወደ ኋላ ሲመጣ የነበረ የጭነት መኪና ገጨው። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አረፈ። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ። የመጨረሻው ወንድሜ ያኔ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ከአደጋው ቀን እስከ መጨረሻው ክፍያ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶብናል።

በ19ኛው ቀን የግቢው ድርጅት ሰው ቤታችን መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጽናናን፤ ከዚያም ከቦርሳው አንድ ፖስታና ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣ። «ለቤተሰቡ ድጋፍ እንዲሆን ነው፤ እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ» አላት እናቴን። እናቴ እስክሪብቶውን ተቀብላ ነበር። ወረቀቱን ከፊቷ አንስቼ ሳነበው፣ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ከእንግዲህ በአደጋው ምክንያት ማናቸውንም የካሳ ጥያቄ ላናቀርብ ተስማምተናል» ይላል። እንዲህ ያለ ፊርማ መብትን የሚዘጋ ስምምነት ነው፤ አንዴ ከተፈረመ ማፍረሱ እጅግ ከባድ ነው። ሰውየውን አመስግነን፣ ወረቀቱ እኛ ጋ ይቆይ ብለን ሸኘነው። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ማንም መጥቶ ፈርም ቢለው መፈረም የለበትም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ እኛ የተረፍነው በአንዲት ደቂቃ ነውና።

ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት በ22ኛው ቀን ነው። ስለ ሕጉ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ግቢው ውስጥ ካሜራ አለ?» የሚል ሆነ። መኖሩን እንኳን አላስተዋልኩም ነበር። በዚያው ዕለት የካሜራው ቅጂ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈው ለድርጅቱ በፊርማ እንዲደርስ አደረጉ። በኋላ እንደተረዳነው የካሜራው መቅረጫ በየ30 ቀኑ በአሮጌው ላይ አዲስ ይጽፋል። ስምንት ቀን ብንዘገይ ኖሮ መኪናው ያለ ጠቋሚ ሰው ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያሳየው ምስል አይኖርም ነበር።

ሌላው ማስረጃ ግን በገዛ እጃችን ጠፍቷል። ሆስፒታሉ የአባቴን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጥቶን ነበር። ማየት ስላልቻልኩ አስወገድኩት። ድርጅቱ በመከላከያ መልሱ «ሟች አንጸባራቂ ሰደርያ አልለበሰም፤ ስለዚህ ለሞቱ ራሱም አስተዋጽኦ አድርጓል» ሲል የምመልሰው አጣሁ። አባቴ ያለዚያ ሰደርያ ከቤት እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ የካሜራው ምስል ግን ከሩቅ የተነሳና ብዥ ያለ በመሆኑ አላረጋገጠልንም። ፍርድ ቤቱ 15 በመቶውን ጥፋት አባቴ ላይ አደረገ፤ ካሳውም በዚያው ልክ ተቀነሰ። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። ስሙ አጠገብ ያ ቁጥር መጻፉ ነው። ከረጢቱን ሳይከፍቱ አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማንም እንድታዩት አያስገድዳችሁም።

ማን መጠየቅ ይችላል የሚለው ላይ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ማን ይበልጥ አዘነ ብሎ ሳይሆን በሟቹ ገቢ ማን ይተዳደር ነበር ብሎ ነው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ እህትና ወንድም ግን አልተጠቀሱም። ጠበቃዬ ይህ መብት ራሱ ብዙ ዕድሜ እንደሌለው ነገሩኝ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1808 የሰው ሞት በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ካሳ የሚጠየቅበት ጉዳት አይደለም ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ለሟች ቤተሰብ በር የከፈተው ሕግ የወጣው በ1846 ነው። እኔ ሠርቼ የማድር ስለሆንኩ የቀለብ ድርሻ አልነበረኝም። ከሳሾች እናቴና ወንድሜ ሆኑ፤ ወንድሜ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ እናቴ ሞግዚትነቷን በፍርድ ቤት አረጋገጠች። የእኔ ሥራ ወረቀት መሰብሰብ ነበር፦ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የሁለቱን ቀን ሕክምናና የቀብሩን ወጪ የሚያሳዩ ደረሰኞች።

በዚህ መሃል ሹፌሩ በወንጀል ክሱ ነጻ ወጣ። እናቴ ያን ቀን «አለቀ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አለቀ ብዬ አምኜ ነበር። አላለቀም። የወንጀል ችሎት የሚፈልገው የማስረጃ ክብደት ከፍ ያለ ነው፤ በፍትሐ ብሔር የሚመዘነው የማን አባባል ይበልጥ ያሳምናል የሚለው ነው። በወንጀል ነጻ የወጣ ሰው ካሳ ሊከፍል ይችላል።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ለወራት «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» እያለ ደብዳቤ ይልክልን ነበር። እኔ ድርድር እየተካሄደ ሰዓቱ የቆመ መስሎኝ ነበር። ድርድር በራሱ ይርጋን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቆምም። ጊዜው እንደየአገሩ ነው፤ በኢትዮጵያ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት በመደበኛው ሁለት ዓመት፣ በእንግሊዝ ሦስት ዓመት ነው። ጠበቃዬ የመጨረሻውን ቀን በትልቁ ጽፈው ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውት ነበር፤ በ14ኛው ወር ደብዳቤ መጠበቁን ትተን ክሱን አስገባን።

ትልቁ ትግል ገቢውን ማስረዳት ሆነ። አባቴ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ድርጅቱም «ቋሚ ገቢ ስለመኖሩ ማስረጃ አልቀረበም» አለ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ደብተሩን ያወጣችው። ባለ ካሬ መስመር፣ ጠርዙ በግሪስ የጠቆረ ደብተር ነው። በየቀኑ የሠራው በእርሳስ ተጽፏል፦ «ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ፊውዝ»። ከጎኑ የተከፈለው፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ መስመርና ከሥሩ «ለቤት» የሚል ድምር። የአራት ዓመት ሕይወት ነው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ወደ ሠንጠረዥ ገለበጥኩት፤ አሠርተውት የነበሩ አምስት ደንበኞቹም መጥተው በደብተሩ ያለው ትክክል መሆኑን መሰከሩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው የሄደው፦ ከዓመት ገቢው ለራሱ ያወጣ የነበረው ይቀነሳል፤ የቀረው፣ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ሊሠራባቸው በሚችሉት ዓመታት ይባዛል። ይህችን «ለራሱ ያወጣ የነበረው» የምትለዋን ነገር ለእናቴ አስቀድሜ አላስረዳኋትም። ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ «ባለቤትዎ ለራሱ ምግብና ልብስ በወር ምን ያህል ያወጣ ነበር?» ሲላት ፊቷ ተለዋወጠ። የሰደባት መሰላት። «እሱ ለራሱ ምንም አያወጣም፤ ሁሉን ለልጆቹ ነው» ብላ አለቀሰች። ዳኛዋ ጥቂት ዕረፍት ሰጡ። ያ መልስ ከልቧ የወጣ ቢሆንም ለተከሳሽ «ምስክርነቷ የተጋነነ ነው» ለማለት ቀዳዳ ከፈተለት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በጉዳዩ የሚመሰክር የቤተሰብ ሰው ሁሉ ምን እንደሚጠየቅና ለምን እንደሚጠየቅ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከውሳኔው በኋላ ይግባኝ ነበር፤ ከዚያ አፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደውን ገንዘብ ማስከፈል። የወንድሜ ድርሻ ለአካለ መጠን እስኪደርስ በስሙ በባንክ በዝግ ሒሳብ ተቀመጠለት።

ሁሉም ሲያልቅ የደብተሩ ዋናው እንዲመለስልን ለመዝገብ ቤቱ አመለከትኩ። ቅጂው መዝገቡ ውስጥ ቀርቶ ዋናውን ሰጡኝ፤ ሽፋኑ ላይ ክብ ማኅተምና የማስረጃ ቁጥር አለው። እናቴ ተቀብላ ቀጥታ የመጨረሻውን የተጻፈበትን ገጽ ገለጠች። የዚያ ቀን ሥራ ነው፦ የግቢው ስም፣ «ስድስት መብራት»፣ ከሥሩ ደግሞ ለራሱ ማስታወሻ፣ «ረጅሙን መሰላል መውሰድ»። የተከፈለው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ጥቂት አይታው ዘጋችና ወደ መሣሪያ ሣጥኑ መለሰችው።