የፒኬ 12 ሁለት ጣሳዎች

ዛሬ ፒኬ 12 ላይ ሻይ ልጠጣ ቁጭ አልኩ። ከጅቡቲ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ግራ ቀኙ የኛ ሰሌዳ የለጠፉ ተሳቢዎች። ሙቀቱን ተዉት።

«እህቴ፣ ሒሳብ?»

«በብር ነው በፍራንክ?» አለችኝ፣ በጥርት ያለ አማርኛ።

ፊቷ ሁለት የወተት ጣሳ አለ። የብሩ ክዳን የለውም። የፍራንኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር ተወሽቋል። ለምን ስላት ሳቀች።

«ፍራንኩ ነገም ያው ነው። ብሩን ሳይመሽ መመንዘር አለብኝ።»

እውነቷን ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። የኛን ብር ደግሞ እናውቀዋለን።

አጠገቤ የነበረው ሾፌር ኪሱን ዳበሰ። ብር ብቻ ነው የያዘው። ክዳን አልባው ጣሳ ውስጥ ጣል አድርጎ ወደ ወረፋው ሮጠ።