አንድ ቀርቶኝ ነበር

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበር። ደግነቱ አጎቴ ያመጣልኝ አሮጌው ጌም ቦይ፣ ያ በእጅ የሚያዘው የጌም መጫወቻ፣ አራት ባትሪ ድንጋይ ጎርሶ ተቀምጧል። ሻማ ለኮስኩና ሜትሮይድ 2 የሚባለውን ጌም ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ስክሪኑ የራሱ ብርሃን የለውም። ለማየት ሻማው ሥር መወሸቅ ነው፤ አንገት ደፍቶ፣ ጀርባን ለጨለማው ሰጥቶ። እናቴ አይታኝ "አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ልታጠፋ ነው!" ብላ አለፈች።

ጌሙ እ.ኤ.አ. የ1991 ነው። እንዲያው ሲያዩት የተኩስ ጌም ነው። ሳሙስ የምትባል አዳኝ ወደ አንዲት ፕላኔት ሆድ ትወርዳለች፣ ሜትሮይድ የሚባሉትን ፍጥረታት እያደነች ትጨርሳለች፣ በቃ። ግን ካርታ የለውም። ስክሪኑ 160 በ144 ፒክስል ነው፤ ሳሙስ ደግሞ ትልቅ ተደርጋ ስለተሳለች ከፊቷ የሚታየው ትንሽ ነው። ዋሻው ሁሉ ይመሳሰላል። ዞሬ እዚያው ተመለስኩ ወይስ አዲስ ቦታ ነው? አንዳንድ ቦታ ሙዚቃው ራሱ ሙዚቃ አይባልም። ጠብ ጠብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ጠብ። ዝም ሲል ነው የምጠላው።

የአክስቴ ልጅ ቤት በትልቅ ቲቪ አስፈሪ ጌም ተጫውቼ አውቃለሁ። ደሙ፣ ጥርሱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። እጮሃለሁ፣ እንስቃለን፣ ቤቴ ስደርስ ረስቼዋለሁ። እዚህ ያለው ግን አራት ዓይነት አረንጓዴያማ ግራጫ ብቻ ነው። ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ድንጋይ ትሁን ፍጥረት የምወስነው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የባሰውን ነው የምመርጠው።

ከታች ጥግ ላይ የቀሩትን ሜትሮይዶች የሚነግር ቁጥር አለ። ስጀምር 39 ነበር። ለሳምንታት ስቀንሰው ከርሜ ትናንት 1 ላይ ደረስኩ። አንድ! ደረቴን ነፍቼ ወደ መጨረሻው ጎሬ ገባሁ። (ያልተጫወታችሁት ይህን ዝለሉት።) ቁጥሩ ሳልነካው 9 ሆነ።

ጭራቅ አልወጣብኝም፣ ማንም አልጮኸም። ቁጥር ብቻ ነው። ግን ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን በር አየሁ፤ የጌሙን ሳይሆን የክፍሌን።

ያኔ መብራት መጣ። እህቴ ከሳሎን "መጣ!" ብላ ጮኸች። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው አልጋ፣ ጌሙም መጫወቻ ሆነብኝ። ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ተነስቼ አምፖሉን አጠፋሁና ሻማውን ጠጋ አደረግኩት።