የልጆች ኮሜዲ ድራማ መጻፍ፦ ስምንተኛ ሳምንት

ባለፈው እንደነገርኳችሁ፣ ድራማዬ ላይ የሚያስቀው ትዕይንት ለብቻው፣ የሚያሳዝነው ለብቻው እየሆነ አስቸግሮኝ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዤ ‹ፕሬስ ጋንግ›ን ክፍል በክፍል ሳይ ከረምኩ።

ላላያችሁት፦ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 በብሪታንያው የቴሌቪዥን ጣቢያ አይቲቪ የታየ፣ 43 ክፍሎች ያሉት የልጆች ተከታታይ ድራማ ነው። በ1991 የብሪታንያን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ባፍታን፣ ተሸልሟል። ሁሉንም ክፍሎች የጻፈው ስቲቨን ሞፋት ነው፤ የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥራው ነበር (ይህን ሳውቅ በጣም ነው የተበረታታሁት)። ታሪኩ ‹ጁኒየር ጋዜት› የሚባል ጋዜጣ በሚያዘጋጁ ታዳጊዎች ላይ ያጠነጥናል። ዋና አዘጋጇ ሊንዳ ደይ ኃይለኛ ናት፤ ማንንም አትምርም።

እኔን ያስተማረኝ ግን ኮሊን ነው። የጋዜጣውን ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነው፤ ትርፍ ካለበት የማይጠፋ፣ ብቅ ሲል ገና ሳቅ የሚመጣብን ልጅ። ‹ሰምቲንግ ቴሪብል› በሚለው ባለሁለት ክፍል ታሪክ፣ ቤቷ ውስጥ ጥቃት ከሚደርስባት ትንሽ ልጅ ጋር የሚገናኘው ይኸው ኮሊን ነው። ሊንዳ ብትሆን ኖሮ ገና ከመነሻው ቁም ነገር እንጠብቅ ነበር። ከኮሊን ግን የምንጠብቀው ቀልድ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ ሳንዘጋጅ ይደርስብናል። ያንን ክፍል ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቴም ጉሮሮዬን አነቀኝ።

ከዚያ ወደ ራሴ ጽሑፍ ተመለስኩ። የእናቲቱን ሕመም የሚሸከመው ዝምተኛዋ እህት ነበረች፤ ውሸት እየፈጠረ ሁሉን የሚያስቀው ወንድሟ ደግሞ ዳር ቆሞ ይቀልዳል። አሁን ሆስፒታል የሚመላለሰው እሱ ሆነ። አንድም ቀልድ አልቀነስኩም። ግን ለነርሷ ‹እናቴ እኮ አርፋ አታውቅም፣ ለእረፍት ነው የመጣችው› ሲላት፣ ያው የለመድነው ውሸቱ ሌላ ነገር ሆነ። ለሁለት ልጆች ሳነብላቸው፣ ትንሹ መሳቅ ጀምሮ መሃል ላይ ዝም አለ። ከስምንቱ ሳምንት ትልቁ ደስታዬ ያ ዝምታ ነው።

ያልተፈታው፦ የሌሎቹ ገጸ ባህርያት አነጋገር አሁንም አንድ ዓይነት ነው። ነገ ሦስት ምልልሶችን የተናጋሪዎቹን ስም ደብቄ እልክላችኋለሁ፤ የቱን ማን እንደተናገረ ገምቱልኝ።