ፓኬጅ ሳላሳድግ ፒንጌን እንዴት እንዳረጋጋሁት

ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው በአንድ መስመር ይጠቀማል። እናቴ ማታ ማታ ድራማዋን ታያለች። አባቴ ዜና ይከታተላል። እህቴ ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ስለሆነ ቪዲዮ ኮሏ አያልቅም። ታናሽ ወንድሜ ከስልኩ አይለይም። እኔ ደግሞ ኦንላይን ጌም እወዳለሁ፤ ያውም መዘግየትን ጨርሶ የማይታገሡትን፣ የኳስና የተኩስ ጌሞችን።

ቀን ቀን ቤቱ ባዶ ሲሆን ፒንጌ፣ ማለትም መልእክቴ የጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነበር። ጨዋታው ያምራል። ማታ ሁሉም ሲሰበሰብ ግን 300 ይገባል፣ 500 ይገባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል። የነካሁት ቁልፍ ዘግይቶ ይሠራል። ከፊቴ የነበረ ተጫዋች ድንገት ከኋላዬ ይገኛል። በላግ፣ በዚህ መዘግየት መሸነፍ ደግሞ በችሎታ ከመሸነፍ በላይ ያበሽቃል።

እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚታሰበው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፓኬጁን ማሳደግ ነው። ሌላው "እባካችሁ ዋይፋዩን ልቀቁልኝ" እያሉ ቤተሰቡን መለመን ነው። ልመናውን ገና ከመጀመሪያው አልፈለግኩትም። የእህቴ ስብሰባ እንጀራዋ ነው። የእናቴ ድራማም የቀኑ ዕረፍቷ ነው። ማንም ሰው ምንም ሳያቋርጥ መስተካከል አለበት ብዬ ወሰንኩ። ፓኬጁንም ቢሆን ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በእርግጥ የጎደለን ፍጥነት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

የጎደለን ፍጥነት አልነበረም። አብዛኞቹ ኦንላይን ጌሞች በጨዋታ ሰዓት የሚፈልጉት ከ1 ሜጋቢት በሰከንድ በታች ነው። ጥራት ያለው አንድ ቪዲዮ የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ለጌም ዋናው ነገር ያቺ ትንሽ ዳታ በሰዓቷ መድረሷ ነው። ስፒድ ቴስት ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አይናገርም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ለካሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት መስኮት ከፈትኩ። በአንዱ ራውተሩን ሳላቋርጥ ፒንግ አደረግኩ፤ የእኛ ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ነው። በሌላው ውጭ ያለ ሰርቨር፣ 8.8.8.8ን። ይህ ቀላል ዘዴ ብዙ ግምት ያስቀራል። ራውተሩ ራሱ ዘግይቶ ከመለሰ ችግሩ ቤት ውስጥ፣ ዋይፋዩ ላይ ነው። ራውተሩ ቶሎ እየመለሰ የውጩ ብቻ ከዘገየ ደግሞ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። እኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ።

ከዋይፋዩ ጀመርኩ። ዋይፋይ ላይ በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱ እኩል ከተናገሩ መልእክቱ ይበላሽና እንደገና ይላካል። ከራውተሩ ርቆ ሲግናሉ የደከመ ስልክ ደግሞ ያችኑ ዳታ ለመላክ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ የሁሉንም ተራ ያጓትታል። ወንድሜ የሚተኛበት ክፍል ከራውተሩ በጣም የራቀው ነበር። ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ አውጥቼ ቤቱ መሀል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሳስቀምጠው ለሱም ለእኔም ተሻለ።

ለኮምፒውተሬ ግን ኬብል ዘረጋሁለት። ለጌም ከዚህ የሚበልጥ መፍትሔ አላየሁም። ተራው ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢት ያደርሳል፤ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ከባዱ ሥራ እናቴን ማሳመን ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ገመድ ሳሎኔን አቋርጦ እንዳላየው" አለችኝ። ጠፍጣፋውን ዓይነት መርጬ የግድግዳውን ጠርዝ ተከትዬ በር በር ላይ አዞርኩት። አሁን ካልተነገረው የሚያየው ሰው የለም። የራውተሩ ፒንግ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ወረደ፤ መዝለሉም ቀረ።

ኬብል መዘርጋት ለማይችል ቀጣዩ አማራጭ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ነው። ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ ግን መጨናነቁ ይቀንሳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ለሚሠራ መሣሪያ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን መምረጥ ይሻላል፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ናቸው። ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው በ2.4 አካባቢ ስለሆነ ራውተሩ አጠገቡ ባይቀመጥ ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማታው ላግ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ራውተሩ ቶሎ ይመልሳል፤ የውጩ ግን አሁንም 400 ይገባል። ፒንጉን ከፍቼ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ መከታተል ያዝኩ። የእናቴ ድራማ ብዙም አልነካውም። የእህቴ ቪዲዮ ኮልም ትንሽ ከፍ አደረገው እንጂ አልጎዳውም። ወንድሜ ከውጭ ገብቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሲሰካው ግን ቁጥሩ ተተኮሰ። ከሰካው በኋላ ስልኩን አልነካውም። ለካ ቻርጅ ላይ ሲሆን የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ኢንተርኔት እየላከ ባክአፕ ያደርጋል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በብዙ ቤት አፕሎዱ ከዳውንሎዱ በጣም ያንሳል፤ የእኛም እንደዚያው ነው። ባክአፕ ሲጀምር ያችን ጠባብ መንገድ ሞልቶ ይይዛታል። የተረፈው ዳታ አይጣልም፤ ቤቱን ከውጩ መስመር ጋር በሚያገናኘው ሞደም ውስጥ ይሰለፋል። አንድ መስኮት ብቻ የተከፈተበት ባንክ ውስጥ፣ አንድ ወረቀት ለማስፈረም የመጣ ሰው ጆንያ ሙሉ ሳንቲም ከሚያስቆጥር ደንበኛ ኋላ ቢሰለፍ ማለት ነው። የጌሜ ፓኬት፣ ትንሿ የዳታ ጥቅል፣ ያቺ ወረቀት ናት። ዳውንሎድም አብሮ ይንቀራፈፋል፤ "ደርሶኛል" የሚለው ትንሽ መልስ የሚወጣው በዚያው በተጨናነቀው አፕሎድ በኩል ነውና።

ችግሩ ባፈርብሎት ይባላል። መሐንዲሱ ጂም ጌቲስ በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰፊው ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ ተሠርቶበታል። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተባለ የሰልፍ ማስተዳደሪያ ዘዴ አወጡ። ዛሬ ብዙ ራውተሮች ላይ የሱን ልጆች እናገኛለን፤ ኤፍኪው ኮድልና ኬክ ይባላሉ። ሰልፉን ያሳጥራሉ፤ አንድ ከባድ ተጠቃሚም ሌላውን እንዳይዘጋ ተራውን ያከፋፍላሉ። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኤስኪውኤም በሚል ስም ይገኛሉ። የእኛ ራውተር ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ፈርምዌር (ራውተሩን የሚያሠራ ሶፍትዌር) የሚቀበል ስለነበር እሱን ጫንኩበት። ይህን የሚያደርግ ሰው የራውተሩን ሞዴል ቁጥር ከድጋፍ ዝርዝሩ ጋር በደንብ ያመሳክር፤ ያልተስማማ ፈርምዌር ራውተሩን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት እንለካና ኤስኪውኤም ላይ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር፣ ከ85 እስከ 90 በመቶውን እንሞላለን። ፍጥነትን በገዛ እጅ መቀነስ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሰልፉ ልናዝዘው በማንችለው ሞደም ውስጥ ከሚፈጠር በራውተራችን ውስጥ ይፈጠር፤ እዚያ ተራ ማስያዝ እንችላለን።

ያን ማታ የወንድሜን ባክአፕ ሆን ብዬ አስጀምሬ ጌም ከፈትኩ። ፒንጉ 40 ነበር፤ 50 ገባ፤ እዚያው ቆየ። ስፒድ ቴስቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም። እህቴ ግን ስብሰባ ላይ ድምፅዋ መቆራረጡን እንዳቆመ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ራውተሮች ላይ ለአንድ መሣሪያ ቅድሚያ የሚሰጥ ሴቲንግም አለ። አልወደውም። የኔን ኮምፒውተር ከሁሉም ማስቀደም የእህቴን ስብሰባ ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ተራ ማከፋፈሉ ግን ሁላችንንም ጠቀመ። ኤስኪውኤም የሌለው ራውተር ያለው ሰው ስልኮቹን ማታ ከመተኛቱ በፊት ብቻ ቻርጅ ላይ ቢሰካ፣ ጌም በሚወርድበት ስቲም ላይም የዳውንሎድ ገደብና የአፕዴት ሰዓት ቢያስቀምጥ ብዙ ይቀለዋል።

ዲኤንኤስ መቀየር ፒንግ አይቀንስም፤ ሥራው ጨዋታው ሳይጀመር የሰርቨሩን አድራሻ መፈለግ ነው። ርቀትም በሴቲንግ አይሸነፍም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ጌሙ ሪጅን (ሰርቨሩ ያለበትን አካባቢ) የሚያስመርጥ ከሆነ የቅርቡን መያዝ ነው።

የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር። የመስመራችን ፍጥነት ማታ ማታ ይወርዳል። ቀን ለክቼ የሞላሁት ቁጥር ማታ ከትክክለኛው ፍጥነት ስለሚበልጥ ሰልፉ ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩን በማታው ልክ ዝቅ አድርጌ ሞላሁት፤ መስመሩ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥርም እንደገና እለካለሁ።