ጳጉሜንን በእጅ መጻፍ

የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ኮድ ዛሬ በእጅ ካልጻፍኩ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። እንደ ጊትሃብ ኮፓይለት ያለ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ የፈንክሽኑን (አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ስም ብቻ አይቶ ቀሪውን በቅጽበት ይሞላል፤ የሚያቀርበውም ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔ ግን ሰሞኑን ይህንኑ ስሌት ከባዶ ጻፍኩት፤ ደስታውም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፤ ተከታዩ መስከረም 1ም በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በ12 ዋለ። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሁለቱን አቆጣጠሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀናቱን ስደምር ግን ከዚህ የራቀ ነገር አገኘሁ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል፤ የእኛ ግን የአራት ዓመት ዑደቱን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት እንቁጣጣሽ የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ወይም 13 ነው። የመኖሪያ ቤት ቦታ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ስለሚደርስ፣ ዛሬ የሚመዘገብ እንዲህ ያለ ውል የሚያበቃው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህን ዘመን ልዩነት እንደ ቋሚ የያዘ ኮድ በቅርብ ቀኖች ቢፈተን ሁሉንም ያልፋል፤ የውሉን ማብቂያ ግን በአንድ ቀን ይስታል።

እ.ኤ.አ. በ1957 የኮምፒውተር አምራቹ የአይቢኤም ባልደረባ የጆን ባከስ ቡድን ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያወጣ፣ ማሽን የሚያመነጨው ኮድ በእጅ ከተጻፈው ጋር አይስተካከልም ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን የማሽን ቋንቋ መጻፍን እንጂ ማሰብን አልወሰደብንም፤ የሚያወጣውንም መስመር በመስመር እንድናነብ አያስገድደንም። የዛሬው መሣሪያ ያልጻፍነውን ኮድ አንብበን እንድንፈርድ ይጠይቀናል፤ ለመፍረድ የሚያስፈልገው እውቀት ደግሞ፣ ቢያንስ ለእኔ፣ የሚገኘው በመጻፍ ነው። ፎርም፣ የዳታቤዝ ጥሪና ተመሳሳይ ቴስቶችን ደስ ብሎኝ እተውለታለሁ። ወረቀት የሚያስይዘኝን ስሌት ግን አልሰጠውም።

የሚያሳስቡኝ ሥራውን አሁን የሚጀምሩት ናቸው፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ስክሪናቸው ላይ ይደርሳልና። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አዳዲስ ባልደረቦቻችን በየወሩ አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ መሣሪያው እንዲሠሩ፣ ጊዜውም እንደ መደበኛ ሥራ እንዲቆጠርላቸው እጠይቃለሁ።